ላጲስ የማይነካው ገጸ ባሕርይ

አንድ ቅዳሜ ማታ እንደ ልማዳችን ጠረጴዛ ከበን ስንጫወት የአንዱ ጓደኛችን ተዋጊ ወንዝ ሲሻገር ሌቦች ደረሱበትና ጓንቶቹን ወሰዱበት። ተራ ጓንቶች አልነበሩም፤ ያጠለቃቸውን ሰው ጉልበት 19 የሚያደርጉ የአስማት ጓንቶች ናቸው። «በቃ፣ ጉልበትህን ወደ ድሮው መልሰው» አለው ጨዋታውን የሚመራው ልጅ። ጓደኛችን ወረቀቱን አየ። የጉልበት ሣጥን ውስጥ 19 ተጽፏል፤ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ በላጲስ ብዛት ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ድሮ ስንት ነበር? 12? 13? ጓንቱን ካገኘ ሦስት ወር አልፎታል፤ ያስታወሰ ሰው አልተገኘም። ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አንሥተን በብርሃን ለማንበብ ሞከርን። ሦስት ቁጥሮች ተደራርበው ይታያሉ፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው ኋላ እንደተጻፈ ግን መለየት አልተቻለም።

ከዚያች ማታ ጀምሮ ሐሳቡ አልለቀቀኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ መፍጠሪያ የሚሆን ፕሮግራም ለመሥራት እያቀድኩ ነው፤ ለገበያ ሳይሆን ለራሴና ለእናንተ፣ በትርፍ ጊዜዬ። ገና አንድ መስመር ኮድ አልጻፍኩም። እቅዱ ብቻውን ይህን ያህል ይጣፍጣል ብዬ አላሰብኩም ነበርና እስካሁን የደረስኩበትን ላጫውታችሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ከእቃቃ ልጀምር። በልጅነቱ እቃቃ ያልተጫወተ ማን አለ? አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል፤ ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ ነው። እስከዚህ ሰላም ነው። ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ግን ጠብ ይነሣል፦ «ያዝኩህ!» «አልያዝከኝም!» የሚዳኝ የለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን ጨዋታ አወጡ። አንዲት ሣጥን፣ ውስጧ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት፤ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፣ ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይወረወራል። ለአዋቂ የተሠራ እቃቃ ነው በሉት፤ ጠቡን የሚፈታ ደንብ ያለው እቃቃ።

ገጸ ባሕርዩ የሚኖረው ቅጽ ላይ ነው። ስም፣ ሙያ፣ አስተዳደግ፣ ንብረት ይሞላበታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ስድስት ቁጥሮች አሉት። እኔ በአማርኛ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ አእምሮ፣ ማስተዋል እና ግርማ ሞገስ ብያቸዋለሁ። ሦስተኛዋ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። እንግሊዝኛው «ኮንስቲትዩሽን» ነው የሚላት፤ መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ሕገ መንግሥት የሚል ይመጣባችኋል። እዚህ ላይ ግን ቁስልን፣ ድካምንና መርዝን የመቋቋም አቅም ማለት ነው። ጽናት የሚለውን ሳገኝ ደስ አለኝ፤ ሰውነትንም መንፈስንም በአንድ ቃል ይይዛል።

ቁጥሮቹ የሚወለዱበት መንገድ ራሱን የቻለ ወግ አለው። በጥንቱ ደንብ ባለ ስድስት ገጽ ሦስት ዳይስ ወርውራችሁ ትደምራላችሁ። ሦስት ዳይስ በ216 ዓይነት ሊያርፍ ይችላል፤ 18 የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፣ ሦስቱም 6 ሲሆኑ። ዛሬ የተለመደው አራት ወርውሮ ትንሹን መጣል ነው። ያኔ ከ1,296 አወዳደቆች 21ዱ 18 ይሰጣሉ፣ ከመቶ 1.6 ገደማ ማለት ነው። አንዲት ዳይስ ስለተጨመረች ብቻ ዕድላችሁ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ! አማካዩም ከ10.5 ወደ 12.24 ይወጣል። ዕድሉን ለዳይስ መስጠት የማይፈልግ ደግሞ 27 ነጥብ ይሰጠውና ገበያ እንደወጣ ሰው ያብቃቃዋል። ሁሉም ከ8 ይጀምራል፤ እስከ 13 ድረስ እያንዳንዷ ጭማሪ አንድ ነጥብ ታስከፍላለች፣ 14 እና 15 ግን ሁለት ሁለት ነጥብ ይበላሉ፤ ከዚያ በላይ መግዛት አይቻልም።

ጨዋታው ላይ የምትደምሩት ግን ራሱን ቁጥሩን ሳይሆን ከቁጥሩ የሚወጣውን ጭማሪ ነው። ከቁጥሩ 10 ትቀንሳላችሁ፣ ለ2 ታካፍላላችሁ፣ ወደ ታች ታጠጋጋላችሁ። 16 ከሆነ 3 ይደመርላችኋል። 9 ከሆነስ? 9 ሲቀነስ 10 ነጌቲቭ 1፣ ለ2 ሲካፈል ነጌቲቭ ግማሽ፣ ወደ ታች ሲጠጋጋ ነጌቲቭ 1። አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንሂድ። ጃቫንና ሲን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ሙሉ ቁጥርን በሙሉ ቁጥር ሲያካፍሉ የሚያጠጋጉት ወደ ዜሮ እንጂ ወደ ታች አይደለም። ነጌቲቭ ግማሽን 0 ያደርጉታል። 16ም ሆነ 18 ትክክል ይወጣል፤ እንደ 9 እና 7 ያሉ ከ10 በታች የሆኑ ጎዶሎ ቁጥሮች ብቻ በስውር ይሳሳታሉ። ደካማው ገጸ ባሕርይ ሳይታወቅ ጠንካራ ይሆናል ማለት ነው። ፓይተን ውስጥ በሁለት ሰያፍ መስመር የሚጻፈው ማካፈል ደግሞ በትክክል ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከምጽፋቸው ፍተሻዎች አንዱ 9ን አስገብቶ ነጌቲቭ 1 መውጣቱን ማየት ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ቀድማ ስትታየኝ ልቤ ይሞላል።

እንግዲህ ወደ ጓንቱ ልመለስ፤ የእቅዴ ልብ ያለው እዚያ ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ተጫዋቹ የወሰነው ነው፦ ተዋጊ እሆናለሁ፣ ልምድ አካብቼ 4ኛ ደረጃ ስደርስ ጽናቴን እጨምራለሁ፣ ይህን ጓንት አጠልቃለሁ። የቀረው ሁሉ ከውሳኔው የሚወጣ ሒሳብ ነው። ወረቀት ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሒሳቡን ይይዝና ውሳኔውን ይጥላል። ላጲስ የሚበላው ውሳኔውን ነው። የእኔ ፕሮግራም ይህን ይገለብጠዋል፤ ውሳኔውን ብቻ ያስቀምጣል፣ ውጤቱን ፈጽሞ አያስቀምጥም። ቅጹ በተከፈተ ቁጥር ከመጀመሪያው ውሳኔ ተነሥቶ ሁሉንም እንደገና ያሰላል።

የዕቁብ ጸሐፊን ደብተር አስቡ። ጸሐፊው «ሣጥኑ ውስጥ ይህን ያህል አለ» የሚል አንድ ቁጥር እየጻፈ እየሰረዘ አይኖርም። ማን በየትኛው ሳምንት ስንት ጣለ፣ ለማን ወጣ፣ እያለ በመስመር በመስመር ይጽፋል፤ ድምሩን የፈለገ ሰው ከመስመሮቹ ያገኘዋል። ክርክር ቢነሣ ደብተሩ ይገለጣል። ገጸ ባሕርዩም እንደዚያ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ጓንቱ ሲሰረቅ የሚሰረዝ ቁጥር አይኖርም፤ «ጓንት አጠለቀ» ከሚለው መስመር በታች «ጓንት ተሰረቀ» የሚል ይጨመራል፣ ጉልበቱም በራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህ ሐሳብ ከጓንት ያለፈ ጥቅም እንዳለው ያየሁት የሕይወት ነጥብን ሳሰላ ነው። የሕይወት ነጥብ ማለት ገጸ ባሕርዩ ሳይወድቅ የሚችለው የጉዳት መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ደንብ ተዋጊ በ1ኛ ደረጃ 10 ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ባለ አሥር ገጽ ዳይስ መወርወር ካልፈለገ በየደረጃው 6 ይወስዳል፤ በእያንዳንዱ ላይ የጽናት ጭማሪው ይደመርለታል። ጽናቱ 15 የሆነ ሰው ጭማሪው 2 ነው። 8ኛ ደረጃ ሲደርስ 12፣ ከዚያም ሰባት ጊዜ 8፣ በድምሩ 68 ይኖረዋል። አሁን በዚያው በ8ኛ ደረጃ ጽናቱን በአንድ አሳድጎ 16 አደረገው እንበል። ጭማሪው 3 ሆነ። ደንቡ ታዲያ ጭማሪው ላለፉት ደረጃዎችም ሁሉ ይታሰብ ይላል። 13፣ ከዚያም ሰባት ጊዜ 9፣ 76 ይመጣል። አንዲት ነጥብ ስምንት የሕይወት ነጥብ አመጣች! ወረቀት ላይ 68ን ብቻ የያዘ ሰው ይህን ስምንት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ አድርጎ ነው የሚደምረው፤ እኔም ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ስደምር ኖሬአለሁ። ውሳኔውን የያዘ ፕሮግራም ግን ስለ «ላለፉት ደረጃዎች» ምንም የተለየ ነገር ማወቅ አያስፈልገውም፤ ከመጀመሪያው እንደገና ሲያሰላ መልሱ በራሱ ይወጣል።

ቅደም ተከተሉም መታወስ አለበት። ተዋጊ ሆኖ ጀምሮ በ2ኛ ደረጃ አስማተኛ የሆነና አስማተኛ ሆኖ ጀምሮ በ2ኛ ደረጃ ተዋጊ የሆነ ሁለት ሰዎች ቅጻቸው ላይ «ተዋጊ 1፣ አስማተኛ 1» ይላል። የጽናት ጭማሪያቸው ዜሮ ቢሆን የፊተኛው 10 እና 4፣ 14 የሕይወት ነጥብ አለው፤ የኋለኛው 6 እና 6፣ 12። የመጀመሪያዋ ደረጃ ሙሉውን የዳይስ ቁጥር ስለምትሰጥ ነው። ስለዚህ «ስንት ደረጃ በየትኛው ሙያ» ብቻ ብዬ ካስቀመጥኩ ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርጌ አጠፋቸዋለሁ።

በቀደመው 3.5 የሚባለው እትም ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። እዚያ አእምሮው ከፍ ያለ ሰው በየደረጃው ተጨማሪ የችሎታ ነጥብ ያገኛል፤ ነገር ግን አእምሮው በ4ኛ ደረጃ ላይ ቢያድግ ተጨማሪው ነጥብ ከዚያ ወዲያ ነው እንጂ ላለፉት ሦስት ደረጃዎች አይታሰብም። ጽናት ወደ ኋላ ይሠራል፣ አእምሮ ወደ ኋላ አይሠራም፤ ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ! ይህን በትክክል ለማስላት መቼ እንዳደገ ከማስታወስ በቀር መንገድ የለም።

ታሪክን መያዝ ምን ያህል እንደሚያምር ማየት የሚፈልግ ግን «ትራቨለር»ን ይመልከት። ማርክ ሚለር የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ፣ በከዋክብት መካከል ስለሚጓዙ ሰዎች የሆነ ጨዋታ ነው። ገጸ ባሕርያችሁ በ18 ዓመቱ ይጀምራል። ባሕር ኃይል ወይም ነጋዴ መርከብ ወይም ሌላ አገልግሎት ይገባል፣ አራት አራት ዓመት ያገለግላል፤ በየአራት ዓመቱ ለሹመቱ፣ ለሚማረው ሙያ፣ በሕይወት ለመትረፉም ጭምር ዳይስ ይወረወራል። አዎ፣ ለመትረፉ! በመጀመሪያው ደንብ ገጸ ባሕርያችሁ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ገና እየፈጠራችሁት ሳለ ሊሞት ይችላል። ዕድሜው 34 ሲደርስ ደግሞ እርጅና ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ደግሜ ላገልግል ወይስ በዚህ ይብቃኝ የሚለው ውሳኔ እውነተኛ ውሳኔ ነው፤ ብዙ ያገለገለ ብዙ ያውቃል፣ ግን አርጅቶ ወይም ሞቶ ይገኛል። ስትጨርሱ እጃችሁ ላይ ያለው የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ስድስቱ ቁጥሮቹ ደግሞ በአንድ ተርታ በስድስት ምልክት ይጻፋሉ፤ ከ9 በላይ ለሆነው የላቲን ፊደል ይተካል፣ ልክ ፕሮግራመሮች በአሥራ ስድስት ቤት እንደሚቆጥሩት። እኔ የመጀመሪያ ፕሮግራሜን ለዚህ ጨዋታ አልሠራውም፤ ግን እቅዴን ባየሁ ቁጥር «ይህ ትራቨለርን ይችለዋል ወይ?» እላለሁ። የሰውን የሕይወት ታሪክ መያዝ የማይችል ንድፍ ከላጲስና ከወረቀት ብዙም አይሻልምና።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣብኝ። ውሳኔ ብቻ ይቀመጥ ካልኩ የተወረወረ ዳይስስ? ዳይስ ውሳኔ አይደለም፤ ማንም አልመረጠውም። ግን እንደገና ሊሰላም አይችልም፣ ደግማችሁ ብትወረውሩ ሌላ ቁጥር ነው የሚመጣው። ስለዚህ አባባሌን አሰፋሁት፤ የሚቀመጠው ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ ነው፣ ከተጫዋቹም ይምጣ ከዳይስ። ድምሩን ብቻም አይደለም የማስቀምጠው። 6፣ 5፣ 4 እና 1 ወጥቶ 1 ተጥሎ ከሆነ አራቱንም እጽፋለሁ። ከዓመት በኋላ «ይህን 15 እንዴት አገኘኸው?» ሲባል የተጣለችው 1 እንኳ እዚያው ትገኛለች።

ስሌቱ ራሱ እንዴት ይሄዳል? ኤክሴል የነካ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። አንዱን ሣጥን ስትቀይሩ በእሱ ላይ የተመሠረቱት ሁሉ ይቀየራሉ፤ ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ቪዚካልክ በሚባል ፕሮግራም ነው ወደ ግል ኮምፒውተር የገባው። ጽናት ጭማሪውን ይወልዳል፣ ጭማሪው የሕይወት ነጥቡን፣ ደረጃው ደግሞ ሌላ ጭማሪ ይወልዳል። የትውልድ ሐረግ ይመስላል፤ ልጅ ከአባቱ በፊት ሊሰላ አይችልም። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ሐረጉን ይደረድርና ከላይ ወደ ታች ያሰላል። አንዱ የሌላው አባትም ልጅም ሆኖ ከተገኘ ክብ ሆኗልና እዚያው ቆሞ «እዚህ ጋ ደንቡ ራሱን ይጠራል» ማለት አለበት።

ኤክሴል የማያውቀው ሌላው ግማሽ ግን የእኛው ጓንት ነው። ደንቡን ቀረብ ብላችሁ ብታነቡት ጓንቱ ጉልበት ላይ አይደምርም፤ ጉልበትን 19 ያደርገዋል፣ ያለ ጓንቱ 19 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ተጽዕኖ ለይቼ መያዝ አለብኝ። የሚደምር አለ። «ከዚህ አያንስም» የሚል አለ፣ እንደ ጓንቱ፤ እሱ መሥራት ያለበት ሁሉም ድመራ ካለቀ በኋላ ነው። ሦስተኛው አንድ ስሌት ከብዙ ስሌቶች መካከል የሚያስመርጥ ነው። ለምሳሌ ገጸ ባሕርዩን መምታት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ የመከላከያ ቁጥር አለ። ጥሩር ያልለበሰ ሰው 10 ላይ የቅልጥፍና ጭማሪውን ይደምራል። በባዶ እጁ የሚዋጋው የሩቅ ምሥራቅ መነኩሴ ማስተዋሉንም ይደምርበታል። የሰንሰለት ጥሩር የለበሰ ደግሞ 16 ይወስዳል፣ ቅልጥፍናው አይቆጠርለትም። ሦስቱ አይደማመሩም፤ አንዱ ይመረጣል። ጋሻ ግን፣ የመነኩሴው ስሌት ካልሆነ በቀር፣ በተመረጠው ላይ 2 ይጨምራል። ይህን ሁሉ «ቁጥር ጨምር» በሚል አንድ ትእዛዝ ብቻ ልሠራው ብሞክር ኖሮ በሁለተኛው ወር ላይ እጄን እሰጥ ነበር።

መነኩሴ ያልኩትን ልብ ብላችኋል? በእኛ ቋንቋ መነኩሴ ስንል የሚመጣብን የሚጾም የሚጸልይ አባት ነው፣ በቡጢ የሚዋጋ አይደለም። የተሻለ ቃል ያለው ይላክልኝ። «ዘር» የሚለውንም ቃል ትቼዋለሁ። በመጽሐፉ ድንክዬዎችን፣ ረጃጅም ጆሮ ያላቸውን የደን ሰዎች፣ የሰው ልጆችን የሚለየው ቃል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው እትም በእንግሊዝኛም ቀይሮታል። እኔ «ወገን» ብየዋለሁ፤ ጠረጴዛችን ላይ ከዚያኛው ቃል ይልቅ ለጆሮ ይቀላል።

የ2024ቱ እትም ሌላም ነገር አስተምሮኛል። በ2014ቱ መጽሐፍ በስድስቱ ቁጥሮች ላይ የሚጨመረው ጉርሻ የሚመጣው ከወገን ነበር። በ2024ቱ ከአስተዳደግ ሆነ፤ ማን ሆነህ ተወለድክ ሳይሆን ምን እየሠራህ አደግህ የሚለው ነው የሚያሳድገው። ይህን ደንብ ኮዱ ውስጥ ቀብሮ የጻፈ ሰው ኮዱን ፈልፍሎ ማውጣት አለበት። ደንቡን ከኮዱ ውጭ በተለየ ፋይል ያስቀመጠ ግን ፋይሉን ቀይሮ ይቀጥላል። ፒሲጄን የሚባለው በጃቫ የተጻፈ ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ መንገድ ነው የተከተለው፤ የየጨዋታው ደንብ በተራ የጽሑፍ ፋይሎች ተቀምጧል፣ ፕሮግራመር ያልሆነ ሰውም አዲስ መጽሐፍ ሊጨምርበት ይችላል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ደንቦቹ እየተወሳሰቡ ሲሄዱ ፋይሎቹም ራሳቸውን የቻሉ ቋንቋ ወደ መሆን ይሄዳሉ፤ ያን ቋንቋ መማር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። እኔ መሐል መንገድ ይዣለሁ። ስሞች፣ ቁጥሮች፣ ዝርዝሮች ፋይል ውስጥ ይሆናሉ፤ እንደ ጓንቱ ያሉ ሦስቱ የተጽዕኖ ዓይነቶች ኮድ ውስጥ። አራተኛ ዓይነት ሲመጣ ያኔ እጨምራለሁ። ለሁሉም ጨዋታ የሚሆን አንድ ፕሮግራም የመሥራት ፈተና ትልቅ ነው፣ እኔም ለሁለት ሳምንት ወድቄበት ነበር፤ ግን ለሁሉም የሚሆን ነገር ሲታሰብ ለአንዱም ሳይደርስ እንደሚቀር ገብቶኛል።

የሰው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ደንብ ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት ይፈቀዳል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። የ«ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የደንቡን መሠረታዊ ክፍል ሌሎች እንዲጠቀሙበት በፈቃድ ይለቅ ነበር። በ2023 መጀመሪያ ፈቃዱን ሊያጠብብ ነው ሲባል ተጫዋቹም አሳታሚውም ተነሣበት። ኩባንያው እቅዱን ተወና በዚያው ጥር ወር 5.1 የተባለውን መሠረታዊ ሰነድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ምንጩን ከጠቀስን ልንገለብጠው፣ ልንተረጉመው፣ ፕሮግራም ውስጥ ልናስገባው እንችላለን፤ ፈቃዱም ተመልሶ የሚነጠቅ አይደለም። ወደ አማርኛ መተርጎምም ተፈቅዷል ማለት ነው! ሰነዱ ግን ሙሉው መጽሐፍ አይደለም። አሥራ ሁለቱ ሙያዎች አሉ፤ አስተዳደግ ግን አንድ ብቻ ነው ያለው፣ የቤተ መቅደስ አገልጋይ። የቀሩትን ተጫዋቹ ከገዛው መጽሐፍ ላይ ራሱ እየጻፈ የሚያስገባበት ባዶ ቦታ አዘጋጃለሁ።

ፕሮግራሙ ፖሊስ እንዲሆን አልፈልግም። ተጫዋቹ 27 ነጥብ እያለው 29 ቢያወጣ «2 ነጥብ አልፈሃል» ብሎ በቀይ ይጻፍለት እንጂ በሩን አይዝጋበት። ምናልባት መሪው ፈቅዶለት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱ ልማድ አለው። ገጸ ባሕርይ ሲፈጠርም ከላይ ወደ ታች አይሞላም። አንዷ ጓደኛችን ሁልጊዜ ከስም ትጀምራለች፣ ሌላው ከመሣሪያ፤ አንዱ «እናቷን የምትፈልግ ልጅ» ከሚል ታሪክ ተነሥቶ ሙያውን መጨረሻ ላይ ነው የሚመርጠው። በተራ የሚያስኬድ፣ አንዱን ገጽ ሳይሞሉ ቀጣዩን የማያሳይ ፕሮግራም ለኋለኞቹ ለሁለቱ አይመችም። ግማሽ የተሞላ፣ ገና ያልተስተካከለ ገጸ ባሕርይ ሙሉ መብት ይኑረው።

የእኛን ሁኔታም አልረሳሁም። መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ፣ ገጸ ባሕርዩም በቴሌግራም የሚላክ አንድ ትንሽ ፋይል ይሁን። ጠረጴዛ ላይ የምንወደው ወረቀት ነውና ፒዲኤፍ ሆኖ ፕሪንት መደረግም አለበት። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስክሪን ላይ ችግር የለም። ፒዲኤፍ ግን ሁልጊዜ ይገኛሉ ብሎ የሚተማመንባቸው 14 መደበኛ ፎንቶች ግዕዝን አያውቁም። ፎንቱን አብራችሁ ፋይሉ ውስጥ ካላስገባችሁ «ግርማ ሞገስ» የሚለው ባዶ ሣጥኖች ሆኖ ይወጣል። ያለ ምንም ክርክር ፎንቱ አብሮ ይገባል።

የመጀመሪያው እትም ትንሽ ነው። አንድ ጨዋታ፣ ሦስት ሙያ፣ እስከ 5ኛ ደረጃ። ሥዕል የለውም፣ የአስማት ዝርዝር የለውም። የውሳኔዎቹ ዝርዝር በግራ፣ የተሰላው ቅጽ በቀኝ ይታያል፤ ማንኛውንም ቁጥር ስትነኩ ከየት እንደመጣ በመስመር በመስመር ይነግራችኋል። «የሕይወት ነጥብ 28፦ ከተዋጊነት 10፣ ከ2ኛ እና ከ3ኛ ደረጃ 6 እና 6፣ ከጽናት ሦስት ጊዜ 2።» እኔ ከሁሉም በላይ የምጓጓው ለዚህች መስኮት ነው። ጀማሪ ሰው ደንቡን የሚማረው መጽሐፉን በማንበብ አይደለም፤ የራሱን ቁጥር ነክቶ «አሃ፣ ለካ ከዚህ ነው!» ሲል ነው።

ኮድ ከመጻፌ በፊት ግን ሦስት ገጸ ባሕርያትን በእጄ፣ በእርሳስ፣ እያንዳንዷን ስሌት እየጻፍኩ እሠራለሁ፤ በኋላ ፕሮግራሙ የሚያወጣው ከእነሱ ጋር ይመሳከራል። አንደኛው 9 ማስተዋል ያለው ይሆናል፣ ስለዚያች ነጌቲቭ ግማሽ። ሁለተኛው በመሐል ሙያ የቀየረ። ሦስተኛው የጓደኛችን ተዋጊ ነው። ለእሱ ጠረጴዛውን አብረን የምንከብ ጓደኞቼ፣ የናንተ እርዳታ ያስፈልገኛል፤ ጓንቱን ከማግኘቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ማን ፎቶ አንሥቶ ነበር? ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ ተዘርግቶ ነበር፣ ቁጥሩ ጥጉ ላይ ይታይ ይሆናል። ስልካችሁን ፈልጉልኝ።